ከወንድሜ ጋቢ አጠገብ ስለተሸጠው ፋስ

ለክቡር አቶ ሰውመሆን
የ«ሩዝ ሜዳ» ድረ ገጽ ሥራ አስኪያጅ
ወረታ

መጋቢት 6 ቀን፣ ከቁሐር ሚካኤል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና እንቅልፍ የማያውቀው ድረ ገጽዎ በሙሉ ጤና እንድትሰነብቱ እመኛለሁ። ጣትዎ አይቁሰል፤ አንገትዎን ስለት አይንካው። እኛ ከአንድ ሰው በቀር ሁላችንም ደኅና ነን።

አይናለም ደሳለው እባላለሁ። ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ፣ ሰው ፊት ቃል የማይወጣኝ ልጅ ነኝ። ከሩዝ መፈልፈያው በላይ ወዳለው ቢሮዎ ሁለት ጊዜ ደረጃውን ወጥቼ፣ ሰማያዊው በርዎ ፊት ቆሜ፣ ማንኳኳት አፍሬ ተመልሻለሁ። ስለዚህ የምለውን ጽፌ መፈልፈያው ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ለማንበብ ምንም መጫን አያስፈልግም፤ ለዚህ ጉድለቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

እርስዎ ነገሩን ያውቁታል፤ ግድግዳው ሥር ቆመው ለሚያነቡት ግን ከመነሻው ልናገር። ባለፈው ጥቅምት ውኃው ከሜዳው ሲሸሽ፣ ታላቅ ወንድሜ እንዳልካቸው በሩዝ ማሳ ድንበር ከጎረቤታችን ከእማማ ጥሩብርሃን ልጅ ጋር ተጣላ፤ ያም ልጅ አንገቱን በፋስ መታው። ሮጬ ስደርስ ጭቃው ውስጥ በጀርባው ተኝቶ ነበር፤ ነጭ ጋቢው ከወገቡ በላይ ነጭ አልነበረም። አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሲያነሳ አየሁት። ተው ማለት አፈርኩ።

ገዳዩ ታሰረ። በጥር ወር ሽማግሌዎች፣ ቄስ ኪዳነ ማርያም ከፊት ሆነው፣ ደሙ እንዲደርቅ ሁለቱን ቤት አስታረቁ። ጋቢው ተቀበረ፤ ጉድጓዱን ከእኛም ከእነሱም ወገን የመጡ ሰዎች አብረው ቆፈሩት። ያንን ደም ዳግመኛ ለዓይን የሚያሳይ ቢኖር እርቁ እንደፈረሰ ይቆጠር ተብሎ በሚካኤል ስም ተማለ። ሁለተኛው ወንድሜ ያየህ ጥርሱን ነክሶ ማለ። የተቀበረውን ጋቢ በየካቲት መልሰው ያወጡት እርስዎ ነዎት፤ ዶማ እንኳን ሳይዙ። ስለዚህ ድካምዎ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ አቀማመጡ አመሰግናለሁ። የአገሩ ገበሬ ሁሉ የሩዝ ዋጋ ለማየት የሚከፍተውን ገጽ መርጠው ያን ዕለት ጭቃው ውስጥ የተነሳውን የወንድሜን ሥዕል ከዋጋው በላይ አደረጉት፤ ከአጠገቡ ደግሞ «ስለታም ፋስ! በአንድ ምት ይጨርሳል!» የሚል የራስዎን ሸቀጥ ማስታወቂያ አቆሙ። በፋስ የወደቀን ሰው ከፋስ ጋር ማቀናጀት ለማንም የሚመጣ ሐሳብ አይደለም። የወረታ ነጋዴ ዕቃውን እንዲህ አዛምዶ ሲደረድር አይቼ አላውቅም።

፪. ሥዕሉንና ማስታወቂያውን ስለምትዘጋው ምልክትም አመሰግናለሁ። ከጤፍ ፍሬ አሳንሰው ጥግ ላይ ስላስቀመጧት እናቴ ልታገኛት አልቻለችም። ማንበብ አትችልም፤ የምትፈልገው የልጇን ፊት መሸፈን ብቻ ነበር። በአውራ ጣቷ ገጹን ስትጠርግ፣ ስታሽ፣ ስትደበድብ እያንዳንዱ ንክኪ ወደ ፋሱ መሸጫ ገጽ ወሰዳት። አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ። እርስዎ ዘንድ አሥራ አንድ ፈላጊ ተብላ ሳትመዘገብ አትቀርም። በመጨረሻ ስልኩን በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አስተኛችው።

፫. ስለ ሥልጠናው። በየካቲት መጨረሻ በወጣቶች አዳራሽ «የድረ ገጽ ማስታወቂያን ውጤት ማሳደግ» ብለው በነጻ ሲያስተምሩ እኔ መጨረሻው ወንበር ላይ ነበርኩ፤ እናቴ ሥራ ይገኝበታል ብላ ልካኝ። ብዙ ተምሬአለሁ። ማስታወቂያ አውራ ጣት በሚያርፍበት ቦታ እንደሚቀመጥ፣ ዓይን ከቀይ ቀለም እንደማይሸሽ፣ አንዱን ማስታወቂያ ከሁለት ሥዕሎች ጋር አውጥቶ የበለጠ የተነካውን ማስቀረት እንደሚገባ። ከዚያ ሁለቱን ሥዕሎች ግድግዳው ላይ አበሩልን፦ በአንደኛው ያማረ የሩዝ አዝመራ፣ በሁለተኛው እንዳልካቸው። አዝመራውን አርባ ሰው፣ ወንድሜን ሁለት ሺህ ሰው እንደተጫነው በኩራት ነገሩን። «እናንተስ የትኛውን ትጫኑ ነበር?» ብለው ሲጠይቁ አዳራሹ በሙሉ ለሁለተኛው እጁን አወጣ። ብቻዬን እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ ሰው ያየኛል ብዬ ፈራሁ፤ እኔም አወጣሁ። እርስዎም ወደ እኔ ጠቁመው «ጎበዝ! ያቺ ከኋላ ያለችው ልጅ ገብቷታል» አሉ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ በአደባባይ የተመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው። በዚያች እጄ ከዚያ ወዲህ እንጀራ ስቆርስ ይቀፈኛል።

፬. በዚያው ዕለት «ሰው ይጫናል እንጂ አይገዛም» ብለው ማዘንዎን ሰምቼ ነበር። እንግዲህ ደስ ይበልዎ፤ ገዢ ተገኝቷል። መጋቢት 2 ቀን ያየህ ሩዝ ሊያስፈለፍል ወረታ ገብቶ ሳለ፣ እዚሁ መፈልፈያ ደጃፍ የተሰበሰቡ ጎረምሶች ስልካቸውን አፍንጫው ሥር ደቀኑበት። አንዱ «ያየህ፣ ወንድምህ ከተማ ገብቶ ሥራ ያዘ'ኮ! ፋስ ይሸጣል» አለው። ሌላው ተቀብሎ «አንተ ደም መመለስ ቢያቅትህ እሱ ሞቶ እንኳ አልቦዘነም» ብሎ ሳቀ። ያየህ ሩዙን እዚያው ጥሎ ደረጃዎን ወጣ፤ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ፋስ ከቢሮዎ ገዛ። እርስዎ ራስዎ በካርቶን ጠቅልለው «ይባርክልህ» ብለው ሰጡት ይባላል።

ማስታወቂያዎ ውሸት አለበት፤ በአንድ ምት አልጨረሰም። ያየህ የዚያኑ ዕለት የእማማ ጥሩብርሃንን በር ሦስት ጊዜ መታ። ከውስጥ እሳቸውና ትንሿ ልጃቸው ነበሩ። ሦስተኛው ምት ሳንቃውን ሰንጥቆ ገባና መወርወሪያውን የያዘውን እጃቸውን አገኘው፤ ሁለት ጣታቸው መሬት ላይ ቀረ። ጩኸቱን ሰምተን ስንደርስ ቄስ ኪዳነ ማርያም በሩና ያየህ መካከል ገብተው መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው «በመጀመሪያ እኔን!» ይላሉ። ያየህ ፋሱን በሩ ላይ እንደተሰካ ጥሎ ወደ ጣራ ገዳም ተራራ ሸሸ። ፋሱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ጣቶቹን ከአፈር ያነሳኋቸውም እኔ ነኝ፤ ገና ይሞቁ ነበር።

አሁን ቀጠሮው መጋቢት 12፣ የሚካኤል ዕለት ነው። ያየህ የላከብን ቃል «ሥዕሉ ካለ መሐላ የለም፤ በዚያ ቀን ወርጄ የጀመርኩትን እጨርሳለሁ» የሚል ነው። የእማማ ጥሩብርሃን ወንድሞችም ከአሁኑ ስለት እየሳሉ ነው። እሳቸው ብቻ የተጠቀለለ እጃቸውን ታቅፈው «ያ ሥዕል ይውረድ እንጂ እኔ ጣቴን ትቼዋለሁ» አሉ። ስለዚህ የሁለት ቤት ሰው ሕይወት ክቡር ጣትዎን ጠብቆ ተቀምጧል። ሥዕሉን ለማውረድ ስንት ጊዜ መጫን እንደሚያስፈልግ በሥልጠናው አላስተማሩንም፤ እንደ ግምቴ ግን አንድ ጊዜ ይበቃል።

ውድ ጊዜዎን ስለ ተራ ሰዎች አንገት ስላባከንኩ ይቅር ይበሉኝ። ሥዕሉን ሲያወርዱ የሚቀንስብዎትን ንክኪ እናቴ ሌላ ማስታወቂያ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ተጭና እንድትክስዎት እለምናታለሁ።

ለጥበብዎ ከወገቤ ጎንበስ የምል፣ ስለ አሥሩም ጣቶችዎ ደኅንነት ሳልታክት የምጸልይ፣ ከኋላ ወንበር የገባኝ ተማሪዎ፣

አይናለም ደሳለው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማስታወቂያው ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ዕቃው ካልተስማማዎት በአሥር ቀን ውስጥ ወደ ቢሯችን ይመልሱ» ይላል። አሥረኛው ቀን ሚካኤል ላይ ይውላል። ፋሱ መኝታዬ ሥር ነው፤ አላጠብኩትም፣ እንደተሸጠልን ስለቱ አልደነዘዘም። እስከዚያ ቀን ጠዋት ሥዕሉ ካልወረደ ያየህ ከተራራው ሳይወርድ እኔ ይዤው ደረጃዎን እወጣለሁ። ማንኳኳት እንደማፍር ነግሬዎታለሁና፣ እባክዎ በሩን ክፍት ይተዉልኝ፤ ሳንቃው እንዳይጎዳብዎት።