ከመሰላል ያዧ፣ ከሐይቁ ዳር

እህት ዓለም፣

ወንድምሽ ደህና ነው፤ መኪናዋ ደግሞ ከሱ የባሰ ደህና ናት። እቤቱ የጠጣበትን ብርጭቆ እንኳ ለቅለቅ አድርጎ የማያውቀው ባሌ፣ አልጋና ምድጃ ያላትን የኪራይ መኪና ሐይቅ ዳር አቁሞ ማጠብ ከጀመረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጣሪያዋ ላይ ወጥቶ የወፍ ኩስ ይፍቃል፣ ወርዶ ጎኗን ሰም ይቀባል፤ እኔ መሰላል እይዛለሁ።

«ኧረ የኪራይ ናት!» ስለው፣ «የሰው አደራ ናት! አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነው» ብሎ ተቆጣኝ። እኔም የአባቴ አደራ መሆኔ ግን ትዝ አላለውም።

ትናንት የጣሪያዋን መስኮት ሳይዘጋ ውኃ ለቀቀባትና ፍራሹ ራሰ። «ተመስገን፣ ውስጧም ታጠበ» አልኩት። ዛሬ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አስጥተን ስንጠብቅ ሐይቁን ልንዞርበት የነበረው ጀልባ ጥሎን ሄደ።

ሐይቁ ያምራል አሉ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ስለቆምኩ ያየሁት በመኪናዋ በር ላይ ነው፤ እንደ መስታወት ወልውሎታላ!

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ ልጅሽ ዕቃ ሲያጥብ ታየ ብትያት ግን አታምንሽም። አሁን ፖስት ካርዱን ገልብጪና ፎቶው ላይ ሐይቁን ደህና አድርገሽ እዪልኝ፤ ስመጣ ምን እንደሚመስል ትነግሪኛለሽ።