ከፎቶው ጀርባ የጻፍኩት ቀን

ይድረስ ለእትዬ፣

እንዴት ከርመሽልኛል? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ጀመረልሽ ወይ? ልጆቹስ በርትተዋል? እማዬስ ጆሮዋ ተሻላት? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ የሌላውን እነግርሻለሁ።

ጎረቤቴ አሰለፈች፣ ከእኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው፣ የሐሞት ጠጠሯ ወጥቶላት ቁስሏ ደርቋል። ልጇ ናፍቆት ፈተናዋን አልፋለች፤ አማርኛዋ ግን ያው ነው፣ እናቷን የምትቆጣት በጣሊያንኛ ነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከናፍቆት ነው። አሰለፈችማ እኔን ካኮረፈችኝ አምስት ሳምንቷ።

ጥፋቱ የኔ ነው። በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ አቃተኝ። እልፍነሽ የምትባል እዚህ የማውቃት ልጅ ወደ አዲስ አበባ ስለምትመጣ፣ በእሷ እጅ በወረቀት ልናዘዝልሽ ብዬ ነው።

የማስታምማቸው ሲኞር ኤቶሬ ዕድሜያቸውን ሙሉ አገር ላገር እየዞሩ የከተማ ትራምና የጥንት የጃፓን አትክልት ቦታ ፎቶ ሲያነሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ግድግዳው ሁሉ የሊዝበን ትራም፣ የሂሮሺማ ትራም፣ የኪዮቶ ድንጋይና ውሃ ነው፤ አቧራውን የምጠርገው እኔ። አሁን እግራቸው ስለከዳቸው ጉዟቸው እዚሁ ሮማ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ትራም ተሳፍሮ ቫሌ ጁሊያ የሚባል ሰፈር፣ የጃፓኖቹ ጃርዲኖ፣ አትክልት ቦታቸው ድረስ ብቻ ነው። አንድ ሥርዓት አላቸው፤ ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ጀርባው ላይ ቦታው፣ የትራሙ ቁጥርና ቀኑ ይጻፋል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የምጽፈው እኔ ነኝ።

አሎራ፣ እንግዲህ፣ በፋሲካ ማግስት የአሰለፈች እናት ጎንደር አረፉ። እሷ ከኦፕራሲዮን ከወጣች ገና ሳምንቷ ነበር። ወንድሟ የደወለው ለእኔ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን አባ ሃብተማርያምም "ቁስሏ ሳይሽር መርዶ አይነገራትም፤ አንቺ ቅርቧ ነሽ፣ ጠብቂያት" አሉኝ። ጠበቅኳት። ስትጠይቀኝ "ጠበል ገብተዋል፣ እዚያ ኔትወርክ የለም" አልኳት። ውሸቱ እንዴት እንደቀለለኝ ብታዪ ታፍሪብኛለሽ።

እናቷ ባረፉ በአሥራ አንደኛው ቀን "ቤት ታፈንኩ፣ አውጡኝ" አለች። ከእኔና ከሲኞር ጋር መጣች፤ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ተቀብታ። ኩሬው ዳር ሲያቆሟት "ለእማዬ የምልከው ነው፣ አሳምረው ያንሱኝ በያቸው" አለችኝ። እትዬ፣ ያኔ ይዣት መመለስ ነበረብኝ። ሲኞር ደግሞ ፊቷ ስለጨፈገገባቸው "አስቂያት እንጂ" አሉኝ። እኔ ጅል፣ ወፍራሞቹን ዓሦች እያሳየኋት "እያቸው፣ እነዚህ የዕድሜ ልክ ኮንትራት አላቸው! ይበላሉ፣ ይዋኛሉ፣ ማንንም ሽማግሌ ከአልጋ አያነሱም" አልኳት። ቁስሏን በእጇ ደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። "ቀስ በይ፣ ሲኞርሽ ይሰማሉ!" ትለኛለች። እሳቸውም ያኔ አነሷት።

ፎቶው ሲደርስ "ሮማ፣ ትራም 19፣ ቫሌ ጁሊያ" ብዬ ከነቀኑ ጀርባው ላይ ጽፌ ሰጠኋት። ለመደበቅ እንኳ አላሰብኩም፤ ልማድ ሆኖብኝ እጄ ጻፈው። እሷም መስታወቷ ላይ ሰካችው።

በጰራቅሊጦስ እሑድ ማለዳ አባ ሃብተማርያምንና መርዶ ነጋሪዎቹን ይዤ በሯን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ፤ የኔን ድምፅ ስትሰማ ትከፍታለችና። በልቅሶው መሐል "መቼ?" አለች። "በፋሲካ ማግስት" አሏት። ተነሥታ ፎቶውን አመጣችና ገልብጣ አነበበችው፤ በጣቷም ቆጠረች። "እናቴ አፈር ከገባች አሥራ አንደኛ ቀኗ፣ እኔ ለዓሣ እስቃለሁ። አንቺ አጠገቤ!" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

አባ "ወጋችን ነው፣ አልበደልሽም" ይሉኛል። አዎ፣ ግን ደብቂያት እንጂ አስቂያት አላሉኝም። ሲኞርም ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው "ስልሳ ዓመት ትራም አነሣሁ፣ አንድም ትራም ተቀይሞኝ አያውቅም" አሉ። ጸሎት ቆሜ ዓይኔን ስጨፍን ያ ሳቋ ይመጣብኛል፣ እትዬ። ምን ብዬ ይቅርታ ልበላት?

ቅዱስ እስጢፋኖስ ደጃችሁን ይጠብቅ፤ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። እኔንም በጸሎትሽ አስቢኝ።

ታናሽ እህትሽ

ፖስታውን ሳላሽግ አሰለፈች መጣች። ግቢ ብላት እምቢ አለች፤ ጥቁሯን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማ "ከእናትሽ ጋር ካወራሽ ስንት ጊዜሽ ነው?" አለችኝ። "ከግንቦት ልደታ ወዲህ የለም። እማዬ ጆሮዋ ደክሟል፣ ስደውልም ተኝታለች ትለኛለች እትዬ" አልኳት። "ምነው? ምን ሰማሽ?" ስላት ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። "እኔ እንዳንቺ ማሳቅ አልችልበትም። እህትሽን ጠይቂያት" አለችኝ። ይህን ብላ እጄን ያዘችኝ፤ ቶሎም አልለቀቀችኝም።

ይኸው ጠየቅኩሽ፣ እትዬ።