የእትዬ ካሊዮፒ መሬት

ከሚሴ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2017

አሰላሙ ዓለይኪ እህቴ፣

ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ባለፈው በስልክ ስታወሪኝ እየተነሳሽ እየተቀመጥሽ ነበር። ደህና ነኝ ብትይም ድምፅሽ ደህና አልነበረም። እኛ አልሀምዱሊላህ በጤና አለን። ሙሀመድኑር ከጎማው፣ እኔ ከድስቴ ጋር እንደተፋጠጥን ነው። ዝናቡ ዘንድሮ ሳይዘገይ ገባ፤ ቦርከና ሞልቶ ጨፋን ከዳር እስከ ዳር ውሃ አልብሶታል። ጎረቤታችን ዓፊያ ሰላም ብላሻለች። አከም ጅርታ ብለሽ ጻፊልኝ ነው ያለችው፣ በአማርኛ ሲሆን የጠየቅኳት አይመስለኝም አለች።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንዳትይ። ስልኩ የኔ ሳይሆን የቤቱ ሁሉ ነው። ኢሞውን የምትከፍትልኝ ሪሀና ናት። አንቺ የላክሽውን ድምፅ ከኔ እኩል ትሰማለች፤ እኔ የምመልስልሽንም አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማለች። ለብቻሽ የምነግርሽ ነገር አለኝ። የባቲዋ ኡምኩልሱም ለዓረፋ መጥታ ወር ከርማ እሁድ ወደ አቴና ትመለሳለች። ከዚያ በፖስታ እንደምትልክልሽ ምላልኛለች። ዛሬ ዓርብ ስለሆነ ከጁምዓ በኋላ መኪና አይበዛም፤ በባሌ ሱቅ ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ። አንድ ቦታ መቀመጥ ካቃተኝ ሳምንት ሆነኝ። ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረጂብኝ።

ድምፅሽን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ ልድገመው። ደሴትሽ ሦስት መቶ ሰው የማይሞላባት ናት። በበጋ የሽርሽር ጀልባዎች ይመጣሉ፤ ነገር ግን የሚታሰሩበት የለም፣ የሚቀዱት ውሃ የለም፣ ሰዎቹም የሚታጠቡበት የለም። ስለዚህ ባሕሩ መሀል መልህቅ ጥለው አንድ ሌሊት ያድሩና ወደ ሌላ ደሴት ይሄዳሉ። አሁን ማዘጋጃ ቤቱ ማሰሪያ ልሥራ፣ ውሃና መብራት ላስገባ፣ መታጠቢያ ልገንባ ብሎ ሕዝቡን ሰብስቦ ይጠይቃል። ባለ ዳቦ ቤቱ ይሠራ ይላል፤ ሁለት ሴት ልጆቹ ሥራ አጥተው ሄደውበታል፣ ሦስተኛዋም ልትሄድበት ነው። ዓሣ አጥማጁ ሽማግሌ ደግሞ ሁለት ቀን አድሮ ለሚሄድ ሰው ብዬ የአባቴን ባሕር አላቆሽሽም ብሎ ወንበር ረግጦ ወጣ። ደሴቷም ለሁለት ተከፈለች።

ለማሰሪያው የሚመቸው መሬት ደግሞ የእትዬ ካሊዮፒ ነው፣ አንቺ የምትጦሪያቸው አሮጊት። እሳቸው እንዳይወስኑ ልጆቻቸው አቴና ሆነው ሁለት ዓይነት ነገር ይነግሯቸዋል። ዞረው አንቺን ጠየቁ። ከኔ ጋር የምትውይው አንቺ ነሽ፣ ስጪ ካልሽኝ እሰጣለሁ፣ አትስጪ ካልሽኝ እተዋለሁ አሉሽ። ከሰጡ የመታጠቢያው ቁልፍ ባንቺ እጅ ይሆናል፤ አምስት ዓመት የሚያሠራ ውል አለው። ካልሰጡ ብርዱ ሳይመጣ ልጃቸው አቴና ይወስዳቸዋል፣ አንቺም መስከረም ላይ ጠቅልለሽ ትመጫለሽ። መጥተሽ ባቲ ያለውን የእናታችንን ቤት ከፍተሽ ከልጅሽ ጋር ትኖሪያለሽ። ታላቄ ነሽ፣ አንቺ ያልሽኝን ለእሳቸው እላለሁ አልሽኝ።

ይሠራ አልኩ። ገና ድምፅሽ ሳያልቅ፣ ለማንም ሳይሆን ለስልኩ፣ ይሠራ አልኩ። ሪሀና ቀና ብላ አየችኝ።

ምክንያት የለኝም እንዳትይ፣ አለኝ። ባሕር አይቼ አላውቅም፣ ጀልባም ያየሁት በቴሌቪዥን ነው፤ መንገደኛን ግን አውቃለሁ። ሙሀመድኑር እዚህ አስፋልቱ ዳር ጎሚስታውን ሲከፍት ጎማ የፈነዳበት ካልሆነ ማንም አይቆምልንም ነበር። ሁሉም ኮምቦልቻ ደርሼ ልረፍ ብሎ ያልፈናል። አንድ ቀን አንድ የተሳቢ ሹፌር ወርዶ ውዱእ የማደርግበት ውሃ አለሽ ወይ አለኝ። የመጠጫዬን ቀንሼ ሰጠሁት። በነጋታው ሙሀመድኑር ትልቅ በርሜል አምጥቶ ቧንቧ ገጠመለት፣ ከጓሮ ሽንት ቤት ቆፈርን፣ መስገጃ የሚሆን ቦታ በቆርቆሮ ከለልን። በቃ፣ ያቺው ናት። የሚሰግደው ሊሰግድ፣ የማይሰግደው ፊቱን ሊታጠብ ይቆም ጀመር፤ ከቆመ ደግሞ ይርበዋል። እኔም ድስት ጣድኩ። ዛሬ የሪሀና እናት ቤት ካልክ ከደሴ እስከ ሸዋ ሮቢት የማያውቅ ሹፌር የለም። ቆርቆሮው ላይ እንዲያ ብሎ የጻፈው አንድ የአይሱዙ ሹፌር ነው። እኔ ጻፍልኝ አላልኩትም፤ አጥፋውም አላልኩትም።

እና ለእትዬ ካሊዮፒ ይህን ንገሪያቸው። ሰው የሚያርፈው ውሃ ባለበት ነው፤ ከሚሴ ያለች እህቴ በአንድ በርሜል ሰፈር አቀናች በያቸው። ሁለት ቀን አድሮ ለሚሄድ የሚለውን ሽማግሌም ተይው። የኔ ሰዎች ሁለት ቀን ቀርቶ ሁለት ሰዓት አይቆዩም፣ የምንኖረው ግን በእነሱ ነው። አምስት ዓመት እንደሆነ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትገልጪው ያልቃል። ልጅቷ አታሳስብሽ፣ እዚህ ምን ጎደለባት? ካርዷን አብሬ ልኬልሻለሁ፤ ማሻ አላህ ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታለች። ከላይ በኩል ወጥ ነክቶት አጥፌዋለሁ፣ አንቺ ነጥቡን ብቻ እይ።

ተነስቼ ለአንድ ሹፌር ምሳ ሰጥቼ መጣሁ። የጻፍኩትን አነበብኩት። ውሸት የለበትም፣ ግን ግማሽ ነው።

ግማሹን ልንገርሽ። መኪናው ሲበዛ የሚፈሰው ዘይትም በዛ። ዓፊያ የጉድጓድ ውሃዋ ዘይት ዘይት ማለት ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። ሰላም ማለቱን አልተወችም፣ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ከኔ በርሜል ቅጂ ብላት ግን እሺ አትልም፤ ጀሪካን ተሸክማ እስከ መስጊዱ ቧንቧ ትሄዳለች፣ በደጄም አልፋ ነው የምትሄደው። ልጆቹም መንገድ ዳር መጫወት ተዉ። ዓምና አንድ ተሳቢ ወደ ኋላ ሲመጣ ሪሀና ከኋላው ነበረች። ክንድ ሲቀረው ነው የቆመው። የዚያን ቀን ደውለሽ ስትጠይቂኝ ጉንፋን ይዟት ተኝታለች ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ቀሚሴ ውስጥ ተሸጉጣ ስትንቀጠቀጥ ነበር።

አባታችን ትዝ ይለኛል። ጨፋ ሮቢት ሳለን በበጋ ከብታቸውን ይዘው ከቆላ ለሚመጡት አፋሮች የታጨደውን የማሽላ ማሳ ይለቅላቸው አልነበር? ሁሉም ዝም ብሎ የሚለቅ ይመስለው ነበር። እሱ ግን ቀድሞ በየጎረቤቱ እየዞረ የእናንተስ ከብቶች ጠጥተዋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ነው እንግዳውን የሚያስገባው። እኔ በርሜሉን ስተክል ዓፊያን አልጠየቅኳትም። እትዬ ካሊዮፒም መሬቱን ከመስጠታቸው በፊት ይጠይቁ፤ የመታጠቢያው እጣቢ የት ይሄዳል፣ ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን የት ያስራል ይበሉ። ከሰውየው ጋርም ይነጋገሩ። ወንበር ረግጦ የወጣ ሰው ያልተጠየቀ ሰው ነው ብዬ ነው።

አሁንም ተነሳሁ። ዝም ብዬ እስከ መንገዱ ሄጄ ተመለስኩ። ሙሀመድኑር ምን ነካሽ አለኝ፣ ምንም አልኩት።

ይኸ ሁሉ ስለ ጀልባ ነው። የያዘኝ ግን ጀልባ አይደለም። ድምፅሽን የሰማን ቀን ሪሀና ጠየቀችኝ። እማ ስትመጣ እንግዳ ናት ወይስ የቤት ሰው አለችኝ። እንግዳ ከሆነች አልጋዬን ልልቀቅላት፣ የቤት ሰው ከሆነች አብረን እንተኛለን አለች። ክፋት የላትም፣ ቀጥ ያለ ነገር ነው የጠየቀችኝ። ድስቱ ሊያርብኝ ነው ብዬ ወጣሁ። የተጣደ ድስት አልነበረም።

አፉ በይኝ እህቴ። ይሠራ ያልኩት አንቺ እንዳትመጪ ነው። ለደሴቷ ብዬ አይደለም፣ ላንቺም ብዬ አይደለም። ባልሽን ቶፊቅን ቀብረሽ ሁለት ዓመቷን ሳትጨርስ በእጄ አስቀምጠሻት ስትሄጂ አደራ አልሽኝ። አደራ መሆኗን መቼ እንደረሳሁት እንኳ አላውቀውም። ሳል ሲይዛት የተቀመጥኩት እኔ፣ በዚያ በግርግሩ ጊዜ ከሚሴ ሲተኮስ አዝዬያት እስከ ባቲ የሸሸሁት እኔ። እናቴ ብላ ኡሚ ስትለኝ አንቺ የቁልምጫ ስም መስሎሽ በስልክ ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። አንቺን እማ እንድትል ደግሞ ስልኩ ሲጮህ በክርኔ ጎሸም አደርጋታለሁ። አሁን አሁን ሳልጎሽማት ትላለች፤ እንደ ትምህርት ሸምድዳዋለች።

ይህን ከነገርኩሽ ያንንም ልንገርሽ። ከቤይሩት ወጥተሽ በቱርክ አድርገሽ ባሕሩን ስትሻገሪ አምስት ወር ድምፅሽ ጠፋ። መጀመሪያ ሰው ሁሉ አብሽሩ ይለን ነበር። ቀስ በቀስ አላህ ይዘንላት ማለት ጀመረ። በሦስተኛው ወር ሰደቃ አወጣንልሽ። ልጅቷ ትምህርት ቤት የምትገባበት ጊዜ ነበር፣ አባት የላትም፣ እናት የላትም፣ ማን ብለን እናስመዝግባት? ሙሀመድኑር ሁለት ሽማግሌ አስቀመጠ። እኔ አቅፌያት ተቀመጥኩ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ጉዲፈቻ ተባለ። በነጋታው ቀበሌ ሄድን።

በአምስተኛው ወር ደወልሽ። ስልኩን ይዤ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ጎረቤቱ የደስታ ነው አለ። ወላሂ የደስታ ነው። ከደስታው ሥር ሌላ ነገር ነበረበት፣ እሱን አምስት ዓመት ሙሉ ለሙሀመድኑርም አልነገርኩም፣ አሁንም በብዕር ልጽፈው አልችልም። ሽማግሌዎቹን ግን መልሼ አላስቀመጥኩም። ቀበሌም ተመልሼ አልሄድኩም። ዛሬ ነገ እያልኩ አምስተኛ ክፍል ደረሰች።

ካርዱን ዘርግቼዋለሁ። ወጥ አልነካውም። ከላይ ስሟን እስከ አባቷ ስም አንብቢው፤ ቶፊቅ አይልም፣ ሙሀመድኑር ነው የሚለው፣ ከዚያ የፈለግሽውን በይኝ።

ስለዚህ ለእትዬ ካሊዮፒ እህቴ እንዲህ አለች አትበያቸው። የተበላሸ ምክር ነው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። መሬቱ የእሳቸው ነው፣ ባሕሩም የሰፈሩ ነው፤ ይስጡ አይስጡ እነሱ ይማከሩ፣ የሚማከሩበትን የአባታችንን ጥያቄ ብቻ አድርሺላቸው። ማሰሪያው ቢሠራም ቁልፉን የሚይዝ አይጠፋም፣ የባለ ዳቦ ቤቱ ሦስተኛ ልጅ ትያዘው። አንቺ ነይ።

ይህን ጽፌ ተነሳሁና ሪሀናን ጠርቼ መለስኩላት። የቤት ሰው ናት አልኳት። አልጋሽን አትለቂላትም፣ አብራችሁ ትተኛላችሁ አልኳት። አንቺስ ኡሚ አለችኝ። እኔ ቅርብ ነኝ፣ ከከሚሴ ባቲ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባበት ነው አልኳት። ገብታ አልጋዋ ላይ የአንድ ሰው ቦታ ትታ ትራሷን ወደ ግድግዳው አስጠጋችው። አሁንም እዚያው ነው፣ ሄጄ አየሁት።

ዓፊያንም ነገ አናግራታለሁ። ሽማግሌዎቹንም አንቺ ስትመጪ እንደገና አስቀምጣለሁ፤ አንደኛው ዓምና አርፈዋል፣ በእሳቸው ቦታ ሌላ እፈልጋለሁ።

ጀሊሉ አላህ ባሕሩን ጸጥ አድርጎ፣ መንገዱን አሳጥሮ፣ ከነጤናሽ ያግባሽ። ለእትዬ ካሊዮፒም ዕድሜ ከመልካም ጎረቤት ጋር ይስጣቸው። ወገብሽን ሙቅ ነገር አድርጊበት፣ ከባድ ነገር አታንሺ። መምጫሽን ስታውቂ በኢሞ ላኪ፤ ሪሀና ትክፈተው፣ ቀድማ እሷ ትስማው።

እህትሽ፣
የሪሀና አክስት