«ማዞሪያ ነው፤ ማንን ላገናኝ?»

ጥቅምት 7
የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት ስልኮች ቀየርን። ጣሪያ ውስጥ የኔትወርክ ገመድ ስስብ ፀጉሬ አቧራ ጠጥቶ ዋለ። የኬብል ሠራተኛው ከመሰላሉ ሥር ሆኖ «ሽበት ያምርብሻል» አለኝ። ለሁሉም ነገር መፍትሔው «ቆርጠሽ ጣዪው» ስለሆነ ቆራጡ ነው የምንለው።

ወሩ ሲያልቅ አሮጌው የስልክ ማዞሪያ ይጠፋል። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ኦፕሬተር ሆኖ የሠራበት... ልንገረው ይሆን? ብነግረውስ? ስትሮክ ከመታው ወዲህ አንድ ቃል አልወጣውም።

ጥቅምት 12
ሁሉንም ቢሮ ወደ አዲሱ የኔትወርክ ስልክ አዛወርን። አሮጌው ማዞሪያ ላይ ምንም መብራት መኖር አልነበረበትም። ከሰዓት በኋላ ግን አንዷ በራች። የማንም ያልሆነ መስመር። አንድ ሰው ስልክ አንስቷል ማለት ነው... ማን?

«አይጥ ገመድ በልታ ነው። ቆርጠሽ ጣዪው» አለ ቆራጡ።

ጥቅምት 13
ዛሬም በዚያው ሰዓት በራች። አይጥ ሰዓት ታውቃለች እንዴ? የመፈተሻ ስልኬን ሰክቼ አዳመጥኩ። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ...

«ማዞሪያ ነው፤ ማንን ላገናኝ?»

ስልኩ ወደቀ። የአባዬ ድምፅ ነው። የድሮው፣ የጠራው።

«ምነው? ጅብ ያየች አህያ መሰልሽ» አለኝ ቆራጡ። ስልኩን ከመሬት አነሳሁ።

ቤት ስገባ አባዬ ወንበሩ ላይ ነው። እንደ ወትሮው ግድግዳ ያያል። «አባዬ፣ ዛሬ ተናግረሃል?» አልኩት። ዓይኑን ከግድግዳው አልነቀለም።

ጥቅምት 14
እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አብጄ ይሆን?

ጥቅምት 15
«አባዬ ስልክ ይነካል እንዴ?» ብዬ አክስቴን ጠየቅኳት። ቀን ቀን ከአባዬ ጋር የምትውለው እሷ ናት።

«ጓዳ ያለችውን ጥቁር ስልክ ነው? ሲያሰኘው ያነሳታል። የሞተች ስልክ ናት፣ ይጫወትባት ብዬ ተውኩት።»

«ይናገርባታል?»

«ምን ይናገራል እቴ! በሩንስ መች ክፍት ይተዋል?»

ለካ... ቤታችን ድሮ የዩኒቨርሲቲው ሠራተኞች መኖሪያ ነበር። መስመሩ ከግቢው በመሬት ውስጥ ይመጣል፤ የቆረጠው የለም። አይጧ አባዬ ነው! ብቻዬን ሳቅኩ። ሳቄ ግን አልቆየም። ማዞሪያው ሲጠፋስ?

ጥቅምት 21
ማዞሪያው ይቆይልኝ ብዬ ለኃላፊው ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። «እህቴ፣ አንጀቴን በላሽው። ግን ማሽኑ መለዋወጫ የለውም፤ ክፍሉም ለሰርቨር ይፈለጋል።» እውነቱን ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር።

ጥቅምት 24
አዲስ ስልክ ገዝቼ ከጥቁሯ ጎን አስቀመጥኩለት። ዞር ብሎም አላየውም።

ጥቅምት 30
ዛሬ ነበር። ማጥፋቱን ለእኔ ተዉልኝ። መብራቷ እስክትበራ ጠብቄ የመፈተሻ ስልኩን አነሳሁ።

«ማዞሪያ ነው፤ ማንን ላገናኝ?»

«ከአባቴ ጋር ያገናኙኝ» አልኩ። የገዛ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

በዚያ በሥራ ድምፁ «መስመሩ ተይዟል እመቤት። ትንሽ ይታገሱ» አለኝ።

ታገስኩ። ከማን ጋር ነው የተያዘው? ቆራጡ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ዛሬ አልቀለደም። አጠፋሁት።

ኅዳር 2
ሥራ አልገባሁም። ከሰዓት በኋላ ከጓዳ ድምፅ ሰማሁ። በሩን ቀስ ብዬ ገፋሁት።

አባዬ ስልኳን ጆሮው ላይ ለጥፎ «አቤት... እሺ... ይቀጥሉ» ይላል። ማዞሪያው ተነቃቅሎ መጋዘን ገብቷል። ገመዱን ቆራጡ ሲቆርጠው ቆሜ አይቻለሁ። ታዲያ ማንን ነው የሚሰማው?

«አባዬ፣ ጠፍቷል እኮ» አልኩት። እጄን ወደ ስልኩ ዘረጋሁ።

ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከታመመ ወዲህ ለእኔ፣ ለልጁ፣ አንድ ነገር ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

«ዝም በይ ልጄ። ሰው እያወራ ነው።»

እግሩ ሥር ተቀመጥኩ።