ባሌስትራው ይጮኻል

ሰኞ፣ ኅዳር 9
እስክሪብቶውን የያዘችው ምራቴ ናት፣ የልጄ ሚስት። ቃሉ የኔ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ግን ዕድሜ ልኬን የመኪና ባሌስትራ፣ ጭነቱን ከሥር የሚሸከመውን ተደራራቢ ብረት፣ ስቀጠቅጥ ኖሬያለሁ። አታሳምሪው ብያታለሁ... እንዳልኩት ጻፊ።
ዛሬ ለልጄ አውቶቡስ ባሌስትራ ሠራሁ። ብረቱ ከተፈታ የጭነት መኪና የወጣ ነው። ያገለገለ ብረት ይደክማል። ሲጎብጥ ሲቃና፣ ሲጎብጥ ሲቃና፣ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ያበጃል። ስለዚህ በሽቦ አንጠልጥዬ በመዶሻ እመታዋለሁ። ጤነኛው እንደ ደወል ረዘም አድርጎ ይጮኻል። የተሰነጠቀው ዷ ብሎ ዝም።
ሁሉም ጮኸ። ገጠምነው።
«አባባ፣ የዚህኛው ድምፅ አጠረብኝ» አለችኝ ይቺው ጸሐፊዬ።
«አንቺ ሽንኩርትሽን ክተፊ!» አልኳት። ይህንንም ጻፊው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11
ልጄ ሞልቶ ወጣ። ሰው እስከ በሩ፣ ጭነት ጣራው ላይ። «አባዬ ጮኸ ካለ አለቀ!» እያለ ለረዳቱ ይፎክራል። ደስ አለኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12
የተረፈውን ብረት ለጎረቤቴ ለበያጁ ላሳየው አንጠለጠልኩት። መታሁ። ጮኸ።
በያጁ ሳቀ። «ይሄማ ሬሳ ነው ሽማግሌው! ቅበረው።»
ደሜ ፈላ። ደግሜ መታሁና በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝኩት። የያዙት ብረት ድምፁ ይቆረጣል፣ ሕፃን ያውቀዋል። አልተቆረጠም። ለቀቅኩት፣ ደጅ ወጣሁ... እዚያም ይጮኻል። ጆሮዬ ውስጥ ነው ለካ።
ከመቼ ጀምሮ?
ልጄ ጋ አስደወልኩ። መንገዱ ላይ ያለው ረጅሙ ቁልቁለት ጋ ልንደርስ ነው አለ። «ባሌስትራውን እስቲ እየው» አልኩት። «አንተ የሠራኸውን? አትቀልድ አባዬ!» ዘጋው። ጆሮዬ ሄዷል ማለት አቃተኝ።

ያው ሐሙስ
ምራቴ እስክሪብቶውን ወርውራ እንደገና ደወለች። «ወይ አንተ ንገረው ወይ እኔ እነግረዋለሁ!» ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። ስልኩን አፌ ላይ ደቀነችው።
«ልጄ፣ ጆሮዬ አይሰማም። ብረቱን ሳልሰማ ነው የገጠምኩልህ።»
ከዚያ ፍሬን ያዘ አለችኝ። እኔ አልሰማሁም።

እሁድ፣ ኅዳር 15
ልጄ በሰላም ገባ። የቆመው ቁልቁለቱ አፍ ላይ ነው። ዋናው ብረት መሐሉ ላይ፣ ከብሎኑ ቀዳዳ ጀምሮ ተከፍሏል፣ ከሥሩ ያለው ብቻ ተሸክሞት ነበር። ተሳፋሪውን አውርዶ በሌላ መኪና ላከ። ማታ «እጅህን ታጠብ» አለኝ እንጂ አልወቀሰኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።
ከእንግዲህ እኔ እመታለሁ፣ ምራቴ ትሰማለች። እሷ ጣለው ካለች ይጣላል።
ከልጄ በፊት የሠራሁላቸውስ? ድንጋይ ጫኙ ወስዷል። የውሃ ቦቴው ወስዷል። ለሁለቱም ነግረናል፣ ቆመዋል። የተማሪዎቹ ሰርቪስም ወስዷል... ሾፌሩ ከትናንት ጀምሮ ስልክ አያነሳም። ነገ ደግሞ ትምህርት አለ። ሳይነጋ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ። ግን እዚያ የሚደርሰው ልጆቹን ከየቤታቸው ጭኖ ነው... ከየት እንደሚነሳ ማን ያውቃል?
በይ፣ አንብቢልኝ። ጮክ አድርገሽ።
ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል... ጀመርሽ እንዴ?