ቀዩን ፊት ስወለውል

ጥር 6
ሥራ እንደ ሁልጊዜው። የስፖርት ማዕከሉ ሽንት ቤት ጠዋት ጠዋት ጭቃ ነው፤ ስፖርተኛ ተብዬው ሁሉ ጫማውን ሳያራግፍ ይገባል። ወለሉን ሁለቴ አጠብኩ። መስታወቱን፣ የበር እጀታውን፣ መውጫው ላይ የሰቀሏትን ማሽን ሳይቀር ወለወልኩ። ሁለት ፊት አላት፤ የሚስቅ አረንጓዴና ያኮረፈ ቀይ። የወጣ ሰው ደስ ካለው አረንጓዴውን፣ ካልተመቸው ቀዩን ይጫናል። ጨርቅ ሲነካት ጢጥ ትላለች። ቀዩ ሁልጊዜ ቆሻሻ ነው... የሰው እጅ ለክፉ ይፈጥናል መቼም።

ጥር 9
አለቃው ስብሰባ ጠራን። አቶ በመቶ ነው የምለው፤ ያለ "በመቶ" አፉ አይከፈትም።
"ተጫዋች እንኳ ዛሬ የሚሰለፈው በዳታ ነው" አለ። "ስንት እንደሮጠ ይለካል። ያነሰው ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እኛም ከዚህ በኋላ እንደዚያው ነን።"
ከሁለታችን አንዷ በወሩ መጨረሻ ትሰናበታለች። የጠዋቷ እኔ፣ ወይ የከሰዓቷ ደወል። ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ ስለሚገባ ነው ደወል የምላት። ማሽኗ ትመርጣለች አለ።
ትምረጥ! እኔ ምን ቸገረኝ? የእኔን ወለል ያየ...

ጥር 10
ውጤቱን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። "ጠዋት" የሚለውን አነበብኩ። አጠገቡ ያለውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩ። ያልረኩት የበዙት በእኔ ፈረቃ ነው። የደወል እጥፍ!
መወልወያ ተደግፋ ስትዘፍን የምትውለዋ? ጠዋት ስገባ ጥጋጥጉ ሁሉ እንዳለ ነው እኮ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!
"አይዞዎት እትዬ፣ ማሽን ምን ያውቃል" አለችኝ። ሳቋን ዋጥ አድርጋ። ወይስ አልሳቀችም?
ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ፈረቃ ስንቀባበል፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብለን። በስተርጅና ፊደል ቆጥሬ፣ ሰው ሳይረዳኝ መጀመሪያ ያነበብኩት የራሴን ውርደት ሆነ።

ጥር 14
ከሥራ ከወጣሁ ምራቴ ቤት መዋል ነው። "እማዬ፣ አሁንስ ይረፉ" ትላለች በአፏ። ዐይኗ ሌላ ይላል። የራሴ ደሞዝ እያለኝ እንኳ ሳህኔን ታያለች። ልጄ እንደሆነ ዝም ነው።
ዛሬ ከወትሮው የበለጠ አጸዳሁ። ቀዩን ፊትማ ሳሙና ነክሬ አሸሁት።

ጥር 16
ባሰበት። ባጸዳሁ ቁጥር ቀዩ ይጨምራል። ምን ጉድ ነው?

ጥር 19
የጥገናው ሰው መጥቶ የማሽኗን ባትሪ ቀየረ። በጣቱ ነካ አደረጋት። ጢጥ።
"አዩ እማማ፣ ጢጥ ካለች ተቆጠረ ማለት ነው።"
"ጨርቅም ቢነካት?"
"እሷ ጣትና ጨርቅ ምን ለይታ! ምን ገዷት!" ብሎ ሳቀ።
እኔ አልሳቅኩም። ጢጥታዋን ስሰማው ኖሬያለሁ። ስትጸዳ ደስ የሚላት መስሎኝ! ቀዩን ሳሽ ጢጥ ጢጥ ጢጥ... በገዛ እጄ ራሴን ስከስ።

ጥር 20
ለአቶ በመቶ ነገርኩት። አላስጨረሰኝም።
"እማማ፣ ውጤት የወረደበት ሰው ምክንያት አያጣም። ተጫዋቾቹም እንዲሁ ናቸው። ዳታ አይዋሽም።"
እሺ። አይዋሽም።

ጥር 21
ቀዩን አልነካሁትም። አረንጓዴውን ወለወልኩ። ደግሜ ወለወልኩ...

ጥር 25
ውጤቴ ከፍ አለ። አቶ በመቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ሲነገርዎት ይሻሻላሉ እኮ!" ደወልን ግን ተቆጣት። "ከጠዋቷ ተማሪ!"
ፈረቃ ስንቀባበል እጄን ያዘችኝ። "እትዬ፣ ምን ዘዴ አግኝተው ነው? ይንገሩኝ እንጂ። ልጄን ገና ትምህርት ቤት ማስገባቴ ነው።"
"ጽዳት ነዋ" አልኳት። "አንቺ እየዘፈንሽ የምትተይውን እኔ አልተውም። ማሽኗን እንኳ ሳልወለውል አልወጣም።"
ዋሸኋት? አንድም የውሸት ቃል የለበትም።

ጥር 27
ዕቃ ረስቼ ከሰዓት ተመለስኩ። ዘፈን የለም። ጎንበስ ብላ ማሽኗን ታሻለች። ቀዩን። በሳሙና። ከበሩ ላይ ይሰማኛል... ጢጥ ጢጥ ጢጥ።
አፌን ከፈትኩ። ምራቴ ትዝ አለችኝ። ዘጋሁት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ?

ጥር 30
ደወል ሄደች። ጋዋኗን አጥፋ ባልዲው ላይ አስቀመጠች።
"እኔ ሰነፍ ነኝ እትዬ፣ ይገባኛል" አለች። አቅፋኝ አለቀሰች። "ፊደሉን ግን እንዳይተዉት። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጻፉ፣ እሺ?"
"እሺ" አልኳት። ሌላ ምን ልበል?
ይኸው እየጻፍኩ ነው።

የካቲት 12
ሁለቱም ፈረቃ የእኔ ሆኗል። ጉልበቴ አልቻለም። ወለሉን ገፋ ገፋ አድርጌ እተወዋለሁ። ጥጉን ማን ይቆጥረዋል? ሽታ እንደሆነ በመቶ የለውም። ሰዉ መጫኑንም ሰልችቶታል፤ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። አረንጓዴውን ግን ጠዋትም ማታም አሸዋለሁ። እንደ መስታወት ያበራል። ቀዩ አቧራ ለብሷል።
ዛሬ ልወጣ ስል ማሽኗ ፊት ቆምኩ። ጨርቁን ኪሴ ከተትኩ። በጣቴ ቀዩን ተጫንኩት። አንዴ።

የካቲት 13
አቶ በመቶ እየሳቀ መጣ። እንደ ትናንቱ ያለ ውጤት አይተን አናውቅም አለ። ፎቶዬን ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ነው።
"ለጥቂት እኮ ነው መቶ በመቶ ያመለጠዎት እማማ! ቅር ያለው አንድ ሁለት ሰው ብቻ ነው።"
"አንዷን አውቃታለሁ" አልኩት።
ከት ብሎ ሳቀ። ቀልድ መሰለው።