የተሳቢዋ ቤት ባትሪ

ይድረስ ለተከበሩት እትዬ ፀሐይቱ፣

እንደምን ከርመዋል? የድሬዳዋ ሙቀት በረድ አለልዎ? ስኳርዎስ ልክ ላይ ነው? እኔ እግዜር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ይህን የምታነብልዎ ልጅዎ እድላዊት ከሆነች ቀስ ብላ ታንብበው፤ ጽሕፈቴ ጠማማ ነው። ጎረቤቶቼ እንጻፍልህ ቢሉኝ እምቢ አልኳቸው። እጄ መሪ እንጂ እስክሪብቶ አልለመደም፤ ቢሆንም ለእርስዎ የምለውን ሌላ ሰው አይጽፍልኝም።

እህትዎ ያለምወርቅ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። ሙት ዓመቷ ኅዳር ላይ ይወጣል። ለቀብሯ ያልመጡት ጨክነው እንዳልሆነ አውቃለሁ። የሚወጉት መድኃኒት ሙቀት አይወድም፣ የአዋሽ መንገድ ደግሞ እሳት ነው። ያን ቀን በስልክ ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ።

ስለ ተሳቢዋ ቤት መቼም ነግራዎታለች። ከሹፍርና ጡረታ ስወጣ ከአንድ አሮጌ የመንገድ ሥራ ካምፕ የገዛኋት፣ በፒክአፕ መኪናዬ የምጎትታት፣ ሁለት አልጋ ያላት ክፍል ናት። ያለምወርቅም እንደ እርስዎ መድኃኒት ትወጋ ስለነበር፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ አስገባንባት። መጋረጃውን በእጇ ሰፋችው። «እህቴን ሳላያት አልሞትም፣ አንተ ብቻ ባትሪውን ግዛ» ትለኝ ነበር። ባትሪው ሳይገዛ እሷ ሄደች።

አሁን ሙት ዓመቷ ሲቃረብ እርስዎን መጥቼ ላመጣዎ ቆረጥኩ። ሳሪስ ባትሪ መሸጫ ሄድኩ። ሻጯ ፊርዶስ የምትባል የወሎ ልጅ ናት። ሁለት የከባድ መኪና ባትሪ አውጪልኝ አልኳት። «ምን ሊያደርጉት ነው አባባ?» አለች። ለፍሪጅ ነው አልኳት። «ይሄ እኮ ሞተር ለማስነሣት ነው። አንዴ በኃይል ይሰጥና ያርፋል። ቀስ እያለ ቀንም ሌሊትም የሚሰጥ ከፈለጉ የሶላሩን ይውሰዱ» አለችኝ። አንቺ ሳትወለጂ ባትሪ ስሸከም የነበርኩ ሰው ነኝ ብያት ያልኩትን ይዤ ወጣሁ። «እሺ አባባ፣ ደረሰኙን ግን እንዳይጥሉት» አለችኝ እየሳቀች።

ቤት ገብቼ እንደ ሹፌርነት ልማዴ ሲሚንቶው እንዳይነካቸው ከጣውላ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ውሃቸውን አየሁ፣ ገመዱን አጠበቅኩ። የእርስዎን መድኃኒት ከመያዜ በፊት ልሞክረው ብዬ ፍሪጁ ውስጥ ቅቤ ከተትኩ። ማታ ጠንክሮ ደስ አሰኘኝ። በማግስቱ ፀሐይ ተሳቢዋን ካጋላት በኋላ ስከፍተው ፍሪጁ ጸጥ ብሏል፣ ቅቤው ቀልጦ ወለሉ ላይ ፈሷል። ባትሪዎቹን አስሞልቼ ደግሜ ብሞክርም ያው ሆነ። ቅቤውን ስጠርግ፣ ይህ የእትዬ ፀሐይቱ መድኃኒት ቢሆንስ ኖሮ አልኩና እዚያው ቁጭ አልኩ። ያለምወርቅ ብትኖር «አሁንስ አመንክ?» ትለኝ ነበር። እንኳን የሚያጽናናኝ፣ የሚቆጣኝም አጣሁ።

ፊርዶስ ፊት መቆም ስለከበደኝ ጎረቤቴን ሙሀመድአወልን ባትሪዎቹንና ደረሰኙን አስይዤ እንዲቀይርልኝ ላክሁት። «አባባ ራሳቸው ይምጡ፣ የምጠይቃቸው አለ» ብላ ባትሪዎቹን አስቀርታ ባዶ እጁን መለሰችው። ሄድኩ። ትስቃለች ስል አልሳቀችም። ፍሪጁ ለመድኃኒት መሆኑን ስነግራት «የማን መድኃኒት ነው?» አለች። «የባለቤቴ» ልል አፌን ከፍቼ፣ «የባለቤቴ እህት» አልኳት። በእነዚያ ፈንታ ትልቁን የሶላር ባትሪ፣ ጣሪያ ላይ ከሚሰቀለው የፀሐይ ሰሌዳ ጋር መርጣ ሰጠችኝ።

እትዬ፣ አሁን ፍሪጁ አንዴም ሳይቆም እየሠራ ነው። ውስጡ ግን ምንም የለበትም። ላጥፋው ብዬ እሄድና እጄ እምቢ ይለኛል። ከፍቼ ቅዝቃዜውን ዳስሼ እዘጋዋለሁ። በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ ላይ ማንም አልተኛም፤ አንሶላው ያለምወርቅ እንዳነጠፈችው ነው። መንገድ ላይ ስናድር እዚያ እርስዎ ይተኛሉ። ስነዳ ደግሞ ጋቢና አጠገቤ ይቀመጣሉ፣ ጎርባጣው ላይ አልቸኩልም። አርጅቷል፣ መንዳት አይችልም የሚሉዎትን አይስሟቸው። እምቢ ቢሉኝም መጥቼ ደጅዎ ላይ አቆማታለሁ፣ እስኪሳፈሩ እጠብቃለሁ።

እድላዊትን ዓይኗን ይሳሙልኝ። ባሏ ካሳሁን ለተሳቢዋ የሚሆን ቦታ ከበሩ ፊት ያዘጋጅልኝ። የልጅ ልጅዎ ትንሿ ትንቢት አድጋ ይሆናል፤ ጉንጯን ይሳሙልኝ። ያለምወርቅም ብትኖር ሁላችሁንም በየስማችሁ ነበር የምትጠራችሁ።

የእህትዎ ባል መገርሳ
አቃቂ በሰቃ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.